የፊርዶስ ሸክላ

ኣለምሰገድ ግራ ዓይኑን ያጣው ቀና ስላለ ነው። «ከድንጋዩ ግድግዳ በላይ አንገቱን የሚያወጣ ሰው ከቡድኑ ይባረራል» እያለ ሳምንቱን ሙሉ ሲጨቀጭቀን የከረመው ደግሞ ራሱ ነበር። እኔ ከጎኑ ተንበርክኬ ማብሪያውን ስጫን የሮኬቱ ሞተር መጀመሪያ አፏጨ፣ ከዚያ አጓራ፤ እሱም ደስታው አላስቀምጥ አለውና ብድግ አለ። ልጎትተው እጄን ስዘረጋ ነው ፍንዳታው የመጣው።

ቦታው ከሰሜን ክፍለ ከተማ አለፍ ብሎ በውቅሮ መንገድ ዳር ያለ፣ ሥራ ያቆመ የድንጋይ ካባ ነው። ሮኬት ስላችሁ ጦርነቱን እንዳታስቡ። የእኛው ከክንድ የማይረዝም የብረት ቱቦ ነው፤ ያውም አይበርም። በብረት አልጋ ላይ ጠፍረን አስረነው፣ ምን ያህል እንደሚገፋ የምንለካበት ሞተር ብቻ ነው። መቀሌ ውስጥ ግን ማንም ሰው ድምፅ ሰምቶ «ሞተር ነው» አይልም። የመኪና ጎማ ሲፈነዳ እንኳ እናቶች ልጆቻቸውን ይቆጥራሉ። ስለዚህ በካባው አካባቢ ያሉትን ቤቶች እያንኳኳን «ነገ ጠዋት ድምፅ ትሰማላችሁ፣ እንዳትደነግጡ» ስንል ዋልን። አንዲት ሴትዮ «አትደንግጡ ያለን ሁሉ አስደንግጦን ነው የሄደው» ብለው በሩን ዘጉብን። ተናደድኩባቸው። በማግስቱ ኣለምሰገድን ተሸክመን ስንሮጥ ነጠላቸውን ቀደው ፊቱን ያሰሩለት እሳቸው ነበሩ።

የተሰበረችው ኖዝሏ ናት። ኖዝል ማለት ከሞተሩ ግርጌ የምትገጠም፣ እሳቱ የሚወጣባት ጠባብ አፍ ናት። ግፊቱ ሁሉ በእሷ በኩል ነው የሚያልፈው፤ እሷ ከለቀቀች ሌላው ከንቱ ነው። የእኛዋ የሸክላ ነበረች፤ የሠራቻት ደግሞ ፊርዶስ።

ፊርዶስ የአብዱልወዱድ ልጅ ናት። አባቷ ከወሎ መጥተው ሓድነት ሰፈር ጨርቃ ጨርቅ መሸጥ የጀመሩት እሷ ሳትወለድ ነው። እሷና እኔ አንድ ሰፈር አደግን፤ ቃላሚኖ ትምህርት ቤትም አብረን ገባን፤ ኣለምሰገድን ያገኘነውም እዚያ ነው። የእኔም አባት፣ ነፍሱን ይማረውና፣ የደሴ ሰው ስለነበር ቤታችን የሚነገረው አማርኛ ነው፤ እናቴ ለተገብርኤል ግን ስትቆጣም ስትወድም ትግርኛዋ ያመልጣታል። ጦርነቱ መጥቶ ሦስታችንንም ከዩኒቨርሲቲ አውጥቶ ቤታችን ሲያስቀምጠን ኣለምሰገድ ሞተር ላይ፣ ፊርዶስ ሸክላ ላይ ሙጭጭ አሉ። እኔ በሁለቱ መካከል ተላላኪ ሆኜ ቀረሁ። ፊርዶስ ጭቃ ስታቦካ ላያት ሰው ጸሎት ላይ ያለች ትመስላለች። አየር እንዳይቀርበት ደጋግማ ትመታዋለች፤ ደጋግማ ትቆርጠዋለች። ገና ለገና አንዲት የአየር አረፋ ብትቀር እሳት ሲነካት ትፈነዳለች እያለች።

አሁን ሁሉም ያንኑ ነበር የሚያወራው። አየር ቀርቶባት ነው።

ኣለምሰገድ ሆስፒታል በገባ በሦስተኛው ቀን ሐኪሙ ዓይኑ እንደማይመለስ ተናገረ። በዓሉም በዚያው አለፈ፤ ዘመን መለወጫን ያከበርን አይመስለኝም። እናቱ አደይ ዘቢብ ፊርዶስ ልትጠይቅ ስትመጣ ከበር መለሷት። አንድ የኣለምሰገድ አጎት ደግሞ አብዱልወዱድ ሱቅ ድረስ ሄዶ፣ በሰው ፊት፣ «ጦርነቱ ያስተረፈልንን ልጅ የአንተ ልጅ ሸክላ በላብን» አላቸው። አብዱልወዱድ ሰው ፊት ቀና ብለው የማይናገሩ ሰውዬ ናቸው። ሱቃቸውን ዘግተው ቤት ገቡ። ማታውን ፊርዶስን ኮምቦልቻ እህታቸው ጋ ሊልኳት ወሰኑ። ለጥቂት ጊዜ አሉ እንጂ ሁላችንም ገብቶናል።

እሷም አልተከራከረችም። ይሄ ነው ያንገበገበኝ። ከካባው የለቀመችውን ስብርባሪ ጨርቅ ላይ ዘርግታ ቀኑን ሙሉ ስታገላብጥ ትውላለች። ከአንድ ጭቃ፣ ከአንድ እሳት የወጣች ሌላ ኖዝል ነበረቻት፤ ለመጠባበቂያ የሠራቻት። እሷን ብቻዋን ወስዳ በምድጃ እሳት አግላ ሞከረቻት። ምንም አልሆነችም።

«ይሄኛዋ ደህና ናት» አለችኝ፣ «ያቺ ግን ከውስጥ ነው የፈነዳችው። ከውስጥ የሆነ ነገር ገፍቷታል። እጄ ስቶ ነው ፊዮሪ፤ አየር ቀርቶባታል።»

«አንቺ ጭቃ ላይ መቼ ስተሽ ታውቂያለሽ?»

«ታዲያ ምንድን ነው?» አለች።  እሷም ከዚያ ቀን ወዲህ ጭቃ አልነካችም።

መልሱ ቤቴ ነበር። ለካ ሳፋ ውስጥ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ክረምቱ ስለበረታና የፊርዶስ ጣሪያ ስለሚያፈስ፣ የምትገጠመውን ኖዝል እኛ ቤት፣ ከምድጃው በላይ ያለው መደርደሪያ ላይ አስቀምጫት ነበር። «እንዳትርስብሽ» ብላኛለች ፊርዶስ። እኔም በጨርቅ ጠቅልዬ አስቀመጥኩ። የፈተናው ቀን ጠዋት አውርጄ ስይዛት ቀዝቀዝ አለችኝ። የጳጉሜን ጠዋት ምን ይሞቃል ብዬ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኳት።

ሰኞ ዕለት እናቴ ኣለምሰገድን ለመጠየቅ ነጠላዋን እየለበሰች ነበር። እኔ በር ላይ ቆሜ እጠብቃታለሁ። ፊቷ ካለፉት ቀናት ፈካ ብሏል። «ማልቀሱን ተይው» አለችኝ፤ «ሩፋኤል ባይኖር ኖሮ ይሄኔ ሁላችሁም የላችሁም።»

«እንዴት?» አልኳት፤ ለወጉ ያህል።

«እንዴት ትላለች እንዴ! ያቺን ሸክላችሁን በሩፋኤል ዝናብ ነክሬያት የለ።»

 ጳጉሜን ሦስት የሩፋኤል ዕለት የሚወርደው ዝናብ ጠበል መሆኑን የማያውቅ የለም፤ ሰማይ የሚከፈትበት ቀን ነው። እኔም ልጅ ሳለሁ ራቁቴን ግቢ ውስጥ ዘልዬበታለሁ። እኛ ሞተሩን የሞከርነው በማግስቱ ነበር።

እናቴ ፊቴን አላየችም፤ ነጠላዋን እያስተካከለች በደስታ ትተርካለች። «ከሰዓት ዶፉ ሲወርድ ሳፋውን ግቢ አወጣሁና ተቀበልኩ። ከመደርደሪያው አውርጄ ከተትኳት። ጓለይ፣ ልጄ፣ ብታያት! ጠጣች እኮ። ውሃውን ፉት ፉት ስትል አረፋ ታወጣ ነበር። ጠዋት ኪዳን ልሄድ ስል አውጥቼ በነጠላዬ አደረቅኩና እንደነበረች ጠቅልዬ መለስኳት። በረከቱን እንደጠጣች በዓይኔ አይቻለሁ። አንድ ዓይን ተወሰደ፣ እውነት ነው። ግን ነፍስ አልተወሰደም።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ብነግርሽ እሺ ትዪኝ ነበር? ሃፍታይም እሺ አላለኝም።» ድምፅዋ ወረደ። «ጠበል ልረጭህ ስለው በጓሮ በር ወጣብኝ። ሳልረጨው ሄደ። አንቺን ግን ኣነ፣ እኔ እናትሽ፣ አልሰጥም አልኩ።»

ሃፍታይ ወንድሜ ነው። በጦርነቱ የመሞቱ መርዶ ቤታችን ከመጣ ጀምሮ እናቴ ስለ ጓሮ በሩ ያላወራችበት ሳምንት የለም። በሩን አሳሽጋዋለች። ሌላው ሰው «ልጄን ጥይት ገደለው» ሲል፣ ለእሷ ግን ልጇን የገደለው ያልተረጨው ውሃ ነው። አሁን ይቺን ሴት «አንቺ ነሽ የኣለምሰገድን ዓይን ያወጣሽው» ልበላት? ልጮህባት አፌን ከፍቼ ነበር። ግን እያየሁት ፊቷ ላይ ያለው ደስታ ስንት ዓመት ያላየሁት ሆነብኝ። ምላሴን ነከስኩ። «አንቺ ቀድመሽ ሂጂ፣ ፊርዶስን ይዤ እመጣለሁ» ብያት ወጣሁ።

ፊርዶስ ልብሷን ሻንጣ ውስጥ እያጠፈች አገኘኋት። በሩን ዘግቼ አንድ በአንድ ነገርኳት። ማጠፏን ሳታቆም ሰማችኝ። አረፋ ስታወጣ የሚለው ላይ ስደርስ በእጇ አፏን ያዘች።

«ሌሊቱን ሙሉ?»

«ሌሊቱን ሙሉ።»

«እርጥብ ሸክላ!» አለች። «ፊዮሪ፣ የጠጣችው ውሃ እሳቱ ሲነካው በአንዴ እንፋሎት ሆነ፣ መውጫ አጣ፣ ገነጠላት። ከውስጥ ነው አላልኩሽም? አየር አልቀረባትም! ወላሂ አልቀረባትም!» ሳቀች፤ ሻንጣው ላይ ተቀመጠች፤ ከዚያ ሳቁ ወደ ለቅሶ ዞረባትና እጆቿን ዘርግታ ታያቸው ጀመር። ያን ያህል ቀን ጠልታቸው እንደነበር ያን ጊዜ ነው የገባኝ።

ዓይኗን ጠረገች። «እናትሽ፣ አደይ ለተ፣ ያውቃሉ?»

«አታውቅም። ሩፋኤል እንዳተረፈን ነው የምታውቀው።»

«እንግዲያው አትንገሪያቸው።»

«ምን ማለትሽ ነው? አንቺ አይደለሽማ!»

«እኔ እንዳልሆንኩ እኔ አወቅሁ፤ አንቺ አወቅሽ። ይበቃኛል። እኔ ኮምቦልቻ እሄዳለሁ፤ እዚያ ኣለምሰገድን የሚያውቅ የለም። እሳቸው ግን የት ይሄዳሉ?» ልብሷን ማጠፍ ቀጠለች። «አንዱን ልጅ በዚያ ውሃ ምክንያት ገደልኩ ብለው የሚያለቅሱ ሰው፣ የሌላውን ልጅ ዓይን በዚሁ ውሃ አወጣሁ ብለው እንዴት ይተኛሉ?»

እውነቱን ልናገር፤ ደስ አለኝ። ሸክሙን ሌላ ሰው ሲያነሳው ትከሻ እንደሚቀለው ቀለለኝ። ፊርዶስ ትሄዳለች፣ እናቴ ትተኛለች፣ አለቀ። ወዲያው ግን ራሴን ጠላሁት። ሆኖም «አይሆንም» አላልኩም። አብረን ወጣን፤ ከመሄዷ በፊት ኣለምሰገድን ማየት እፈልጋለሁ ስላለች ሚኒባስ ተሳፍረን ሆስፒታል ሄድን። መንገዱን ሙሉ እጄን ይዛኝ ነበር፤ እኔ ነበርኩ መያዝ የነበረብኝ።

ክፍሉ ስምንት አልጋ አለው፤ ኣለምሰገድ መስኮቱ ሥር ነው። ፋሻው ግማሽ ፊቱን ሸፍኖታል። እናቴ ግርጌው ቆማለች፣ አደይ ዘቢብ ራስጌው ተቀምጠዋል። ፊርዶስ ስትገባ ኣለምሰገድ በቀረው ዓይኑ ፈገግ አለ። እናቱ ግን ከወንበራቸው ሳይነሱ «ይቺ ደግሞ አሁን ምን ልትሰብር መጣች?» አሉ።

«እማ!» አለ ኣለምሰገድ።

«ምን እማ ትለኛለህ? ውሸት ተናገርኩ? እጇ ካልሰለጠነ ለምን ሰው ፊት ታቀርባለች?»

ፊርዶስ ከበሩ አልፋ አንድ እርምጃ እንኳ አልገባችም። ጠያቂዎች ከየአልጋው ዞረው ያዩናል። ይሄኔ እናቴ መሐል ገባች። እናቴ የሰፈር ጠብ ማብረድ ትችልበታለች፤ ድምፅዋን ዝቅ፣ አንገቷን ዘንበል አድርጋ ነው። ፊርዶስን በእጇ ይዛ ወደ አልጋው አመጣቻት።

«ዘቢብ ሓፍተይ፣ እህቴ፣ በጃኺ እባክሽ። ልጅ ናት። እጇ ሳተ እንጂ ክፋት የለባትም። ፊዮሪም እኮ እዚያው ነበረች፤ ልጄ ልትሞትብኝ ነበር። እኔ ግን ይቅር ብያታለሁ። አንቺም ይቅር በያት።» ወደ ፊርዶስ ዞራ ራሷን ዳበሰቻት። «እግዚአብሔር ይቅር ይበልሽ፣ ጓለይ።»

ፊርዶስ አንገቷን ደፋች። «አሜን» አለች።

ያንን አሜን መቻል አቃተኝ። ስድቡን ችዬ ነበር፤ ኮምቦልቻንም ችዬ ነበር። እናቴ በደለኛዋ ሆና፣ ምንም ያላጠፋችውን ልጅ ራሷን እየዳበሰች ይቅር ስትላት፣ እሷም አሜን ስትል ግን አፌን መያዝ አልቻልኩም።

«የፊርዶስ እጅ አልሳተም» አልኩ። ድምፄ ከጠበቅሁት በላይ ጮኸ። «ሸክላዋ ውሃ ጠጥታ ነው የፈነዳችው። ሩፋኤል ዕለት። ሳፋ ውስጥ አድራ።»

ፊርዶስ «ፊዮሪ!» ብላ ክንዴን ቆነጠጠችኝ። ዘግይታ ነበር። አደይ ዘቢብ ገና አልገባቸውም፤ ከአንዳችን ወደ ሌላችን ያያሉ። እናቴ ግን ገብቷታል። እኔን አላየችኝም። ያየችው ፊርዶስን ነው።

«ጓለይ፣ ውሃው ነው እንዴ?»

ፊርዶስ ልትዋሽላት እንደፈለገች አየሁ። ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ። ግን በሌላ በምንም መዋሸት ትችላለች፣ በሸክላ አትችልም። «አዎ፣ አደይ» አለች ቀስ ብላ። «ጠበል ስለሆነ አይደለም። ዘምዘምም ቢሆን ይሰነጥቃት ነበር። ሸክላ የጠጣው ውሃ ከየት እንደመጣ አያውቅም።»

«አረፋ ስታወጣ አይቻለሁ» አለች እናቴ። «እየጠጣች ነበር።»

«አዎ፣ አደይ።»

«ዋይ ኣነ» አለች እናቴ። አልጮኸችም። ነጠላዋን ከትከሻዋ አውርዳ ወገቧ ላይ አሰረችና ከክፍሉ ወጣች። ኋላዬ አደይ ዘቢብ «ማን? ማን ነው የነከራት?» ሲሉ፣ ኣለምሰገድም «እማ፣ ቆይ» ሲል እየሰማሁ ተከትያት ሮጥኩ።

የምትሸሽ መስሎኝ ነበር። ዋናው በር ጋ ፈለግኳት፣ የለችም። ያገኘኋት ከሕንጻው ጀርባ ነው፤ አጥር ሊሠሩበት የተከመረ ድንጋይ አለ፤ እሱ ላይ ጎንበስ ብላ ትመርጣለች። አንዱን አነሳች፣ ቀለላት መሰለኝ፣ ጣለችው። ሌላ አነሳች። ሰው የበደለ ሰው ድንጋይ አንገቱ ላይ ተሸክሞ በበደለው ፊት ማጎንበሱ በአገራችን የቆየ ነው፤ ተበዳዩ ይቅር ብያለሁ ካላለ አይወርድም። እኔ ግን ሽማግሌዎች በገላገሉት የደም ጉዳይ ሲደረግ ሰማሁ እንጂ በዓይኔ አይቼ አላውቅም። እናቴ ስድሳ ሞልቷታል፤ ጉልበቷን ያማታል።

«እማ፣ አይሆንም። በአፍሽ ንገሪያቸው።»

«በአፌማ ተናገርኩ። በአፌ ያቺን ልጅ ይቅር አልኳት!» አለች። ያን ጊዜ ብቻ ነው ድምፅዋ የተሰበረው። ድንጋዩን አንገቷ ላይ አወጣችው። ላግዛት ስጠጋ «አትንኪኝ» አለች።

በሩ ላይ ጥበቃው «እናቴ፣ ምን ይዘው ነው የሚገቡት?» አላት።

«ይቕሬታ ነው፣ ወደይ ልጄ» አለችው። ቆቡን አውልቆ መንገድ ለቀቀላት።

ክፍሉ ስትገባ ጠያቂዎቹ ከየአልጋው ጠርዝ ተነሡ። መጀመሪያ የሄደችው ወደ አደይ ዘቢብ አይደለም። ፊርዶስ ፊት ሄዳ አጎነበሰች። ፊርዶስ ይህን ስታይ ፊቷ ደም መሰለ፤ «አደይ፣ ስለ አላህ ይተዉ፣ እኔ ይቅር ብያለሁ፣ ብያለሁ!» እያለች ድንጋዩን በሁለት እጇ ያዘች። እናቴ ግን አለቀቀችላትም። «አንቺ ይቅር አልሽኝ፣ እግዚአብሔር ይስጥሽ» ብላ፣ ድንጋዩን እንደተሸከመች ወደ አልጋው ራስጌ ዞረች። አደይ ዘቢብ ፊት ቆመች፤ «ለልጄ በረከት ብዬ ሸክላዋን የነከርኳት እኔ ነኝ» ብላ ጎንበስ አለች።

አደይ ዘቢብ እጃቸውን ጭናቸው ላይ አጣመሩ።

«አደይ ለተ፣ እኔ ይቅር ብያለሁ» አለ ኣለምሰገድ ከትራሱ ቀና ብሎ። «እማ፣ በያት። ዓይኑ የኔ ነው።»

«ዓይኑ ያንተ ነው» አሉ እናቱ። «ልጁ ግን የኔ ነው።»

ከወዲያኛው አልጋ አንድ ሽማግሌ «ስለ ማርያም» አሉ። ሌሎችም ተከተሏቸው፤ ስለ ማርያም፣ ስለ ኪዳነ ምሕረት፣ ከየጥጉ። አደይ ዘቢብ እጃቸውን ጭናቸው ላይ እንዳጣመሩ የእናቴን ጫማ ያያሉ። ክፋት አልነበረም ፊታቸው ላይ። ቃሉን ፈልገው ያጡት ይመስሉ ነበር። የእናቴ ጉልበት መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ ነጠላዋ ሲርገበገብ ይታየኛል።

«ሓፍተይ» አሉ በመጨረሻ፤ ድምፃቸው የተለወጠ ነበር። «ለልጅሽ ብለሽ ነው፤ ገብቶኛል። ባልገባኝ ይሻል ነበር። ግን ይቅር ለማለት ገና ነኝ።»

«ደሓን» አለች እናቴ ከድንጋዩ ሥር። «እጠብቃለሁ።»

እኔ ይህን ሳይ ሄጄ ከጎኗ አጎነበስኩ። ኖዝሏ እንዳትርስ አደራ የተባልኩት እኔ ነበርኩ። ትከሻዬን ከትከሻዋ አስጠግቼ የድንጋዩን አንድ ጫፍ ተቀበልኩ፤ ይሄኔ አልከለከለችኝም። ወዲያው በሌላው ጎን ክብደቱ ቀለል ሲል ተሰማኝ። ቀና ማለት ስለማልችል ያየሁት እጅ ብቻ ነው፤ ጥፍሩ ሥር ጭቃ የማይጠፋበት የፊርዶስ እጅ ነበር። «አንቺ ውጪ፣ አንቺን አይመለከትሽም» አለቻት እናቴ። ፊርዶስ አልወጣችም።

ከድንጋዩ ሥር በጎን አሻቅቤ ሳይ አደይ ዘቢብ ሦስታችንንም ያያሉ። ከዚያ ዞረው የልጃቸውን ፋሻ ማስተካከል ጀመሩ። እኛም ድንጋዩን እንደተሸከምን ጠበቅን።